ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ይበልጥ ያሰጋል? የአውሮፓን የአደጋ ቁጥሮች እንዴት እናንብብ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ነው። በቅርቡ ሰሜን ባህር ላይ ባለ የነዳጅ ማውጫ ፕላትፎርም ሥራ አግኝቷል። ሁለት ሳምንት ሠርቶ አራት ሳምንት ያርፋል። የሚሄደውም የሚመለሰውም በሄሊኮፕተር ነው። እናታችን ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እኔም ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ አደጋ ቀንሷል ይላል፣ ሌላው ደግሞ በሄሊኮፕተር የሚሄድ ሰው ነፍሱን የጠላ ነው ይላል። በአውሮፓ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር አደጋ በእርግጥ እየቀነሰ ነው? ወንድሜስ ሥራውን ይተው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥዎት። በበረራ ሰዓት ሲሰላ ሄሊኮፕተር ከትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ይልቅ አደጋ ይበዛበታል። ይህ እውነት ነው። በአውሮፓ ሁለቱም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበሩበት እጅግ መሻሻላቸውም እውነት ነው። ወንድምዎ የሚሳፈርበት ዓይነት በረራ ደግሞ ከሄሊኮፕተር ሥራዎች ሁሉ ጠንካራ ክትትል ከሚደረግባቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ሥራውን ይተው አልልም። ግን «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ብዬም አላልፍም። እናታችሁ ያለ ምክንያት አልሰጉም። የሰሜን ባህር ታሪክ ውስጥ እኛንም የበረራ ደህንነት ባለሙያዎችን እንቅልፍ የነሱ ነገሮች አሉ። (ቀንና ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ኢንተርኔት ላይ የሚጣረስ ነገር ያነበቡት ሰዎቹ ስለዋሹ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩን የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያያል። በአውሮፓ ይህን መረጃ የሚሰበስበው ዋናው መሥሪያ ቤት የአውሮፓ ህብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ነው። እኛ በአጭሩ ኢያሳ እንለዋለን። መቀመጫው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። በየዓመቱ የደህንነት ሪፖርት ያወጣል። ኖርዌይና ስዊዘርላንድ የህብረቱ አባል ባይሆኑም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ብሪታንያ ግን ከ2021 ጀምሮ ወጥታለች። የድሮውንና የአዲሱን ሪፖርት ጎን ለጎን ካስቀመጡ፣ የስኮትላንድ ሄሊኮፕተሮች አንዱ ውስጥ አሉ፣ ሌላው ውስጥ የሉም። «ቁጥሩ ቀነሰ» ብሎ ከመደሰት በፊት ይህን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር ምን እንደሚቆጠር ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 መሠረት፣ አንድ በረራ በአደጋነት እንዲመዘገብ አውሮፕላኑ የግድ መውደቅ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ክፉኛ ከተጎዳ ይበቃል። አየሩ ተናውጦ ቀበቶ ያላሰረች የበረራ አስተናጋጅ ቁርጭምጭሚቷ ቢሰበር፣ አውሮፕላኑን ጭረት እንኳ ባይነካውም፣ በረራው አደጋ ተብሎ ይቆጠራል። በአየር መንገዶች መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው የሞተበትን አደጋ ለብቻ ነጥለው ይመልከቱ።

እንግዲህ በአውሮፕላኑ ልጀምር። ከ2000 እስከ 2009 ያሉት ዓመታት ለአውሮፓ ከባድ ነበሩ። በ2000 ኮንኮርድ ከፓሪስ ሲነሳ እሳት ተነስቶበት ወደቀና 113 ሰው ሞተ። በ2001 ሚላን፣ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 118 ሰው አለቀ። በ2002 ደቡብ ጀርመን፣ ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተላትመው 71 ሰው ሞተ። በ2005 የቆጵሮሱ ሄሊዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን አቴንስ አጠገብ ወድቆ 121 ሰው ሞተ። በ2008 ማድሪድ ላይ የስፓንኤር አውሮፕላን ሲነሳ ወድቆ 154 ሰው ሞተ። በ2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አትላንቲክ ውስጥ ገብቶ 228 ሰው አለቀ።

ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራት አይደለም። እያንዳንዱ አደጋ ዛሬ የምንበርበትን ሥርዓት ቀይሯል። ኡበርሊንገን ላይ የግጭት መከላከያ መሣሪያው አንዱን አውሮፕላን «ውጣ» ሲለው የምድር ተቆጣጣሪው «ውረድ» አለው። አብራሪዎቹ ሰውየውን ሰሙ። ዛሬ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ከተጋጩ መሣሪያው ይሰማል። ሊናቴ ላይ በጭጋግ ጊዜ አውሮፕላኖቹን የሚያሳየው የምድር ራዳር አይሠራም ነበር። ሄሊዮስ ላይ የካቢኑን አየር የሚቆጣጠረው ማብሪያ ከጥገና በኋላ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ግን ድምፁ ከሌላ ማስጠንቀቂያ ጋር አንድ ስለነበር አብራሪዎቹ ሌላ ነገር መሰላቸው። ማድሪድ ላይ ፍላፑ፣ ለመነሳት የሚዘረጋው የክንፍ ክፍል፣ ሳይወጣ ተነሱ፤ ሊያስጠነቅቃቸው የሚገባው ድምፅም ዝም አለ። የኤር ፍራንሱ አብራሪዎች የፍጥነት መለኪያቸው በበረዶ ተደፍኖ ግራ ገባቸው። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን መንሳፈፉን ሲያጣ እንዴት እንደሚመለስ የሚያሠለጥነው ትምህርት እንደ አዲስ ተጠናክሯል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወረደ። ማርች 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ፈረንሳይ ተራሮች ላይ ወድቆ 150 ሰው ሞተ። ይህ የማሽን ብልሽት አልነበረም። ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን ውጭ ቆልፎበት ሆን ብሎ ነው የጣለው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ፣ የአውሮፓ ህብረት አየር መንገድ ትልቅ የመንገደኛ ጄት ወድቆ መንገደኛ የሞተበት ጊዜ የለም። በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን በረራ በሚደረግበት አህጉር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞት አደጋ ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። በ2016 ሰሜን ስዊድን ላይ የጭነት አውሮፕላን ወድቆ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። በ2018 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለጉብኝት የሚበር ጥንታዊ ዩንከርስ 52 ተራራ ሸለቆ ውስጥ ወድቆ 20 ሰው አለቀ። በኖቬምበር 2024 ቪልኒየስ ለማረፍ የተቃረበ የጭነት አውሮፕላን ወድቆ አንድ ሰው ሞተ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ መደበኛ የመንገደኛ ጄቶች አይደሉም። አደጋው ወደ ዳር ወደ ዳሩ ተገፍቷል።

አንድ ወጥመድም አለ። በ2019 በአውሮፓ ሰማይ ላይ 11.1 ሚሊዮን በረራ ነበር። በ2020 ኮሮና መጣና ወደ 5 ሚሊዮን ወረደ። በዚያ ዓመት አደጋ ቢቀንስ ምን ይገርማል? በረራው ራሱ ከግማሽ በላይ ቀርቷል። «ከባለፈው ዓመት በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ» የሚል ዜና ሲያዩ፣ ለስንት በረራ ተካፍሎ ነው ብለው ይጠይቁ። ካልተካፈለ ይዝለሉት።

ዜሮ ማለት ሁልጊዜ ሰላም ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየውን ነገርም ልንገርዎት። ሜይ 23 ቀን 2022 ከስቶክሆልም የተነሳ አንድ ኤርባስ ኤ320 ፓሪስ ሻርል ደጎል ለማረፍ ይወርድ ነበር። ውስጡ 178 ሰው አለ። ዝናብና ደመና ነው። በማኮብኮቢያው ላይ መደበኛው የማረፊያ ሬዲዮ ለጊዜው አይሠራም። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚወርደው በሳተላይትና በራሱ የከፍታ መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ የዕለቱን ግፊት ተቆጣጣሪው ይነግራል። ትክክለኛው 1001 ነበር። ተቆጣጣሪዋ 1011 አለች። አብራሪዎቹ ያንን አስገቡ። የአሥር ነጥብ ልዩነት ወደ 280 ጫማ ነው። መሣሪያቸው ሁሉ «ልክ ናችሁ» እያላቸው፣ በእውነቱ ከሚገባው ያን ያህል ዝቅ ብለው ይወርዱ ነበር። ማኮብኮቢያው ስላልታያቸው ለመመለስ ሲነሱ ከመሬት የቀራቸው 6 ጫማ ነው። ሁለት ሜትር አይሞላም። ማኮብኮቢያው ገና አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል። አውሮፕላኑ ላይ ያለው የመሬት ማስጠንቀቂያ አልጮኸም።

በኋላ በሰላም አረፉ። መንገደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። በአደጋ ቁጥር ውስጥ ይህ በረራ የለም፤ «ከባድ ክስተት» ተብሎ ነው የተመዘገበው። የፈረንሳይ የአደጋ መርማሪዎች ግን በዝርዝር መረመሩት፤ ደግ አደረጉ። አሁን በአውሮፓ እያንዳንዱ ሪፖርት የሚመዘነው በደረሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ሊደርስ ይችል በነበረውም ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ አሠራር ከ2023 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል። እኔ በግሌ ከአደጋ ቆጠራው ይልቅ የማምነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልምጣ። ሄሊኮፕተርን በጅምላ ከአውሮፕላን ጋር ማወዳደር፣ በአስፋልት የሚሄድን አገር አቋራጭ አውቶብስ በተራራ ጥርጊያ ከሚወጣ አምቡላንስ ጋር እንደማወዳደር ነው። የሚለያዩት በሥራቸውም ጭምር ነው። አውሮፕላን ከተዘጋጀ ማኮብኮቢያ ተነስቶ ወደ ተዘጋጀ ማኮብኮቢያ ይሄዳል። ሄሊኮፕተር የሚጠራው ማኮብኮቢያ ለሌለበት ቦታ ነው፤ ለተራራ፣ ለባህር፣ ለመንገድ ዳር። ዝቅ ብሎ ይበራል። ስህተት ሲፈጠር ለማረም ያለው ጊዜ ሰከንዶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሞተር ሲጠፋ ነው። እሱ እንኳ መፍትሔ አለው። ወደ ፕላትፎርም የሚሄዱት ሄሊኮፕተሮች ሁለት ሞተር አላቸው። ሁለቱም ቢጠፉ፣ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚመጣው አየር ሮተሩን፣ ማለትም ከላይ የሚዞረውን ክንፍ፣ ማሽከርከሩን ይቀጥላል። አብራሪው በዚያ ጉልበት ተቆጣጥሮ ያወርደዋል። ይህንን ደጋግመው ይለማመዱታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ በሞተሮቹና በሮተሩ መካከል ያለው የማርሽ ሳጥን ነው፤ የመኪና መካኒኮች ካምቢዮ የሚሉት ዓይነት። ሞተሩ በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሮተሩ የሚፈልገው ከ300 በታች ነው። ያንን ሁሉ ፍጥነት የሚያወርደው፣ የሄሊኮፕተሩንም ክብደት የሚሸከመው ይህ ሳጥን ነው። ሞተር ሁለት አለ። አብራሪ ሁለት አለ። የማርሽ ሳጥን ግን አንድ ነው። ሮተርም አንድ ነው።

የሰሜን ባህር ታሪክ አብዛኛው የዚህ ሳጥን ታሪክ ነው። ኖቬምበር 6 ቀን 1986 ሠራተኞችን ጭኖ ወደ ስኮትላንዷ ሼትላንድ ደሴቶች ይመለስ የነበረ ቺኑክ የሚባል ባለ ሁለት ሮተር ሄሊኮፕተር ከሰምበርግ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወደቀ። ከ47 ሰው 45ቱ ሞቱ፤ ሁለት ብቻ ተረፉ። ምክንያቱ የፊተኛው ሳጥን ውስጥ የተሰበረ ማርሽ ነው። ሁለቱ ሮተሮች ቅንጅታቸው ጠፍቶ ተመታቱ። ከዚያ በኋላ ነው የማርሽና የኩሽኔታ ንዝረት በየበረራው እየለኩ ብልሽትን ቀድሞ የመያዝ ዘዴ ሰሜን ባህር ላይ የተስፋፋው። ዛሬ ይህ መሣሪያ በፕላትፎርም በረራ ላይ ግዴታ ነው። ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ።

ግን ሁሉንም አይይዝም። ኤፕሪል 1 ቀን 2009 አንድ ሱፐር ፑማ የሚባል ሄሊኮፕተር ከሚለር ፕላትፎርም ወደ አበርዲን ሲመለስ ሮተሩ ተነቅሎ 16ቱም ሰዎች አለቁ። ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ትናንሽ ማርሾች አንዱ በብረት ድካም ተሰንጥቆ ነበር። የሚያሳዝነው፣ አደጋው ከመድረሱ 36 የበረራ ሰዓት ቀደም ብሎ ሳጥኑ ውስጥ የሚፈልሰውን ብረት የሚይዘው ማግኔት ላይ የብረት ቅንጣት ተገኝታ ነበር። በኦፕሬተሩና በአምራቹ መካከል በተፈጠረ አለመግባባት ሳጥኑ እስከ ውስጥ ድረስ አልተከፈተም።

ሰባት ዓመት አለፈ። ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ከጉልፋክስ ቢ ፕላትፎርም ወደ በርገን ይመለስ የነበረ ኢሲ225፣ የዚያው ቤተሰብ ሄሊኮፕተር፣ ቱሮይ ደሴት ላይ ወደቀ። ሮተሩ በአየር ላይ ተነቀለ። 13 ሰው ሞተ። የኖርዌይ መርማሪዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት የተናገሩት ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ የተሰበረው ያው ዓይነት ማርሽ ነው። ስንጥቁ የተነሳው ከላዩ ላይ ካለች ጥቃቅን ጉድጓድ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጓዘ። ወደ ውጭ የፈለሰ ብረት እምብዛም ስላልነበረ ማግኔቱ ምንም አልያዘም። የንዝረት መለኪያውም ምንም አላለም። መካኒኮቹ የሚያዩት አንዳች ምልክት አልነበረም። ኢያሳ በጁን 2016 እነዚህን ሄሊኮፕተሮች አገደ። በኦክቶበር ፈቀደ። ብሪታንያና ኖርዌይ ግን እስከ ጁላይ 2017 አልፈቀዱም። ሲፈቀድም አንደኛው የማርሽ ዓይነት ከአገልግሎት ወጥቶ፣ የቀረው ዕድሜው አጥሮ፣ ፍተሻውም ተደጋግሞ ነው። ከፈቃዱ በኋላም የኖርዌይ ሠራተኞች ሊሳፈሩባቸው አልፈለጉም። ሥራውን ሲኮርስኪ ኤስ-92 ወሰደው። ወንድምዎም የሚሳፈረው በዚሁ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ስለ ሁለተኛው አደጋ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያልታወቀ ነገር ነው። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ነግሮን ያልሰማነው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር 737 ማክስ ወደቀ። 189 ሰው ሞተ። ማሽኑ መብረሩን ቀጠለ። ማርች 10 ቀን 2019 የእኛው በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ኢያሳ ማርች 12 የአውሮፓን ሰማይ ለማክስ ዘጋ፤ አሜሪካ የዘጋችው በማግስቱ ነው። ጥቁር ሳጥኖቹ የተነበቡት ፓሪስ ነው። ኢያሳ አውሮፕላኑን እንደገና የፈቀደው በጃንዋሪ 2021 ነው፤ ያውም የራሱን ምርመራ አድርጎ፣ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ጨምሮ። አንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚመዘነው በመጀመሪያውና በሁለተኛው አደጋ መካከል ባለው ጊዜ በሚሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማሽኑ ነገር ይህን ይመስላል። ሁሉም ግን ማሽን አይደለም። ኦገስት 23 ቀን 2013 ሰምበርግ ለማረፍ የተቃረበ ሱፐር ፑማ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ባህር ውስጥ ገባ። ደመና ነበር። ፍጥነቱ እየወረደ ሲሄድ አብራሪዎቹ መለኪያውን በሚገባ አልተከታተሉም። ከ18 ሰው 4ቱ ሞቱ። በተቃራኒው በ2012 ሁለት ኢሲ225ዎች፣ አንዱ በሜይ፣ አንዱ በኦክቶበር፣ የማርሽ ሳጥናቸው ዘንግ ተሰንጥቆ ባህር ላይ አረፉ። 14 እና 19 ሰው ነበረባቸው። ሁሉም ተረፉ። ቀን ነበር፤ ማዕበሉም አልከፋም፤ ሄሊኮፕተሮቹም ሳይገለበጡ ተንሳፈፉ። ባህሩ ቢቆጣ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ከ2013ቱ አደጋ በኋላ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2014 ጠንካራ እርምጃ ወሰደ። ማዕበሉ ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ በረራ የለም። እያንዳንዱ መንገደኛ ከውሃ በታች የሚተነፍስበት መሣሪያ እንዲኖረው ሆነ። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው በሚመጥነው መስኮት አጠገብ ብቻ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሰው ሲሰማው ያስቃል፤ ግን ጨለማ ውስጥ፣ በተገለበጠ ካቢን፣ የማያስወጣ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። በ2018 ደግሞ በአውሮፓ ደረጃ ለፕላትፎርም በረራ የተለየ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ቁጥሩን እንዴት እንደሚያዩት ልንገርዎት። በኖርዌይ ፕላትፎርሞች መንገደኛ በማመላለስ ሥራ፣ ከሴፕቴምበር 1997 እስከ ኤፕሪል 2016 ሰው የሞተበት አደጋ አልነበረም። በ1997 አንድ ሄሊኮፕተር ኖርነ የሚባለው የነዳጅ ማምረቻ መርከብ ሊደርስ ሲል ወድቆ 12 ሰው ሞቶ ነበር። ከዚያ ዝም። ወደ 19 ዓመት ገደማ ዜሮ። በ2015 ማንም ግራፍ ቢስል ፍጹም ሰላም ይታየው ነበር። በ2016 በአንድ ቀን 13 ሰው። እውነተኛው ስጋት በዜሮዎቹ ዓመታት ዜሮ አልነበረም፤ በ2016ም በአንድ ሌሊት አልጨመረም። በረራው ጥቂት ሲሆን አደጋው ብርቅ ይሆናል፣ ሲመጣም ግራፉን ያናውጣል። ስለዚህ በሄሊኮፕተር ላይ የአንድና የሁለት ዓመት ለውጥ «አዝማሚያ» አይባልም። ቢያንስ አሥር፣ ቢቻል ሃያ ዓመት አንድ ላይ ይታይ። እንደዚያ ሲታይ፣ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ሰሜን ባህር በጣም ተሻሽሏል። ከቱሮይ በኋላ በኖርዌይ በኩል የሞት አደጋ የደረሰው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 ከበርገን ምዕራብ ነው። ኤስ-92 ነበር፤ የፍለጋና ማዳን ልምምድ ላይ እያለ ባህር ውስጥ ወድቆ ከ6 ሰው አንድ ሞተ። ሠራተኛ የሚያመላልስ በረራ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ከወንድምዎ ይልቅ የምሰጋላቸው ሌሎች አሉ። አንደኛው የሕክምና ሄሊኮፕተር ሠራተኞች ናቸው። ጃንዋሪ 2017 ጣሊያን፣ ካምፖ ፌሊቸ፣ የተጎዳ ስኪ ተጫዋች ጭኖ በጭጋግ የተነሳ ሄሊኮፕተር ተራራ መትቶ 6 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ማርች ውስጥ የአየርላንድ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር በሌሊት ብላክሮክ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ተጋጭቶ 4ቱም ሠራተኞች ሞቱ። ደሴቲቱ በመሬት ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ካርታ ውስጥ አልነበረችም። ሌላው የጉብኝት በረራ ነው። ኦገስት 31 ቀን 2019 ሰሜን ኖርዌይ፣ አልታ አጠገብ፣ ከሙዚቃ ፌስቲቫል ለአጭር ሽርሽር የተሳፈሩ 5 ወጣቶችና አብራሪያቸው ሞቱ። ሄሊኮፕተሩ ለአዲስነት የቀረበ ነበር። የነዳጅ ታንኩ ግን ግጭት የሚቋቋም አልነበረም፤ ወዲያው በእሳት ተያያዘ። ዲዛይኑ ድሮ የጸደቀ ስለሆነ ሕጉ አያስገድደውም ነበር። ይህ ያናድደኛል። ቴክኖሎጂው እያለ፣ በወረቀት ቀን ምክንያት ሰው ሳይደርሰው ቀረ።

በአውሮፕላኑም በኩል አዲስ ስጋት እየመጣ ነው። በ2014 ዩክሬን ላይ የማሌዥያ አየር መንገድ በረራ ኤምኤች17 በሚሳይል ተመትቶ 298 ሰው አልቋል። ከዚያ ወዲህ ኢያሳ ስለ ጦርነት ቀጠናዎች ለአየር መንገዶች ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በባልቲክ ዙሪያ የጂፒኤስ ምልክት ይረበሻል። ፊንኤር በ2024 ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ በዚሁ ምክንያት ለአንድ ወር ያህል አቁሞ ነበር። እነዚህ አብራሪ በጥንቃቄ ብቻ የሚፈታቸው አይደሉም።

አሁን ለወንድምዎ። ከመሳፈሩ በፊት ገንዳ ውስጥ በተገለበጠ ካቢን የመውጣት ሥልጠና ይሰጠዋል። በቀልድ አይለፈው። ሄሊኮፕተር ከባዱ ዕቃው ከላይ ነው፤ ባህር ላይ ሲያርፍ መገልበጥ ይወዳል። ስለዚህ ሲቀመጥ ሁልጊዜ መስኮቱን በእጁ ይንካ፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ሰውነቱ ይወቀው። መተንፈሻው የት እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ማግኘት ይቻለው። ውሃ የማያስገባውን ልብስ ሞቀኝ ብሎ ዚፑን አይክፈት። የሕይወት አድን ጃኬቱን ካቢን ውስጥ ፈጽሞ አይንፋው። በ1996 ኮሞሮስ ላይ ባህር ውስጥ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ከ175 ሰው 125 ሞቷል። ብዙዎቹ ጃኬታቸውን ውስጥ ነፍተው ወደ ጣሪያ ተንሳፍፈው መውጫ አጥተዋል። ይህን ለወንድምዎ በአማርኛ፣ በስልክ፣ እርስዎ ራስዎ ቢነግሩት ከኮርሱ ወረቀት ይልቅ ይሰማዋል።

አንድ ነገርም ጨምረው ይንገሩት። ያልተለመደ ንዝረት ወይም ሽታ ካስተዋለ፣ ወይም የማይዘጋ ቀበቶ ካየ ይናገር። አዲስ ሠራተኛ ነኝ ብሎ አይፈር። በአውሮፓ ሕግ በቅንነት ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ጥበቃ አለው። በ2009 የተገኘችው ያች የብረት ቅንጣት ተጠይቃ፣ ተከራክረውባት፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ 16 ሰው ቤቱ ይገባ ነበር።